የሴትዮዋ ጠመንጃ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስናቀ፤

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደ ወጉ «እንደምን ከርመሃል» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ መልስ የማይመጣበትን ጥያቄ መጠየቅ ግን አልወድም። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ጤናዬ ደኅና ነው፤ ልቤ ግን በአንተ ላይ ሻክሯል። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር እንደሆነ አባቴም፣ ያሳደገኝ አዳሪ ትምህርት ቤትም አስተምረውኛል። ነውርነቱን ሳልረሳ ነው የምጽፍልህ። አንተ ብትሰማ ደግ ነው፤ ባትሰማም ሌሎች ይሰሙታል።

አስቀድሜ የቤታችንን ነገር ላስረዳህ። የሲልቨር ስፕሪንጉን አፓርታማ ለቅቄያለሁ። የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ልጃችን ዳዊት «ማሚ፣ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤቱ አመጣኝ። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥቶኛል። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የማየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው፤ ስንቱ ሰው ጫማውን ሳይጠርግ እንደሚወጣ ብታይ ትገረማለህ። ልብስህን ለችግረኛ እንዲሰጥ ለቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ጥቁሩን ካፖርት ግን አስቀረሁት፤ አንድ አዝራሩ ወልቆ ስለነበር ነው፤ የጎደለ ልብስ ለሰው አልሰጥም። አዝራሩን ከተከልኩለትም በኋላ እዚሁ በር ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ከጓደኞችህ ጋር ትሰበሰቡበት የነበረው የዩ ስትሪቱ ምግብ ቤት ኪራዩን መቻል አቅቶት ተዘግቷል። አሁን የውሻ ፀጉር የሚቆረጥበት ሱቅ ሆኗል። ጓደኞችህ እዚህ አሌክሳንድሪያ አንድ ካፌ አግኝተዋል። ቦታው ተለወጠ እንጂ ወሬው ያው ነው። ዛሬም ስለ ጠመንጃና ስለ አሳማ ነው የሚያወሩት።

እርሻውም አለ። በዚህ ጸደይ ኮዮቲ የሚሏቸው አውሬዎች ግልገሎቹን እንደገና መልቀም ጀምረዋል፤ አሳማዎቹም ከወንዙ በኩል ያለውን አጥር ሥሩን ፈልፍለው ገብተዋል። ይህን የነገረኝ ወርቁ ነው፤ ያገርህ ልጅ፣ የእርሻው ሸሪክህ፣ አማካሪህ። የምጽፍልህም እሱ ባለፈው ወር ይዞልኝ በመጣው ነገር ምክንያት ነው። ግን ከመነሻው ልጀምር፤ ነገር ከመካከሉ ሲጀመር ይበላሻል።

ከዋረንተን ወዲያ ያለውን መሬት አንተና ወርቁ በሽርክና ስትገዙ እኔ አልተቃወምኩም። በግና ፍየል አርብቶ ለገናና ለፋሲካ ለአበሻ መሸጥ ደግ ሐሳብ ነበር። ዕድሜ ልክህን የሰው ሻንጣ ስትጭንና ስታወርድ የኖርክ የታክሲ ሾፌር ነህ፤ በስተርጅና የራስህ የምትለው መስክ ቢኖርህ ምን አለበት አልኩ። ኋላ ኮዮቲ መጣ፤ ቀበሮ የሚመስል፣ ከቀበሮ የከፋ አውሬ። ከዚያ የዱር አሳማ መጣና ፍየሎቹ የሚግጡበትን መስክ እንደ ማረሻ ገለበጠው። ያኔ ጠመንጃ ያስፈልጋል ተባለ።

ጠመንጃውን የመረጠልህ ወርቁ ነው። «ያርማጭሆ ሰው የተልባ ፍሬ የሚያህል ጥይት አይተኩስም፤ አባትህ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሣሉ» አለህ። እናንተም ተያይዛችሁ ሄዳችሁ ሦስት መቶ ማግነም የሚሉትን ገዝታችሁ መጣችሁ። ያ ጠመንጃ በዚህ አገር ፈረስ የሚያህል አጋዘን የሚገደልበት ነው። ለኮዮቲ! ውሻ ለሚያህል ፍጥረት! በሳሎናችን ሶፋ ላይ አጋድመኸው ከነመነጽርህ ስትመለከተው «አስናቀ፣ ይሄ የሚገድለው ማንን ነው?» ብዬ ጠይቄህ ነበር። «አሳማ ነዋ» ብለህ ሳቅህ።

አሳማውን አልገደለም። የገደለው የአንተን ትከሻ ነው። ቀኝ ትከሻህ ከዚያ በፊት በቀዶ ጥገና የተጠገነ መሆኑን አንተ ብትረሳው እኔ አልረሳሁትም፤ ክንድህ በጨርቅ ታስሮ ያጎረስኩህ እኔ ነኝና። ከእርሻው በተመለስክ ቁጥር ትከሻህ እንደ በሰለ በለስ ይጠቁር ነበር። እሑድ ጠዋት እጅህን ማንሣት ስለሚያቅትህ ነጠላህን የማለብስህ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ በእኔ ፊት «ወይ ተኩሱን ተው፣ ወይ የማይራገጥ ጠመንጃ ፈልግ፤ ጅማቱ እንደገና ከተቀደደ የሚጠገን አይመስለኝም» አለህ። መኪና ውስጥ ስንገባ «እሱ ምን ያውቃል፣ በዕድሜው ተኩሶ አያውቅም» አልክ። ሐኪም ስለ ትከሻ ለመናገር መተኮስ አለበት እንዴ?

እኔ የሰው ወሬ ሰምቼ አልፈርድም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አብሬህ ወደ እርሻው ሄድኩ። እዚያ መሬት ላይ እግሬ የረገጠው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ይህን ቃሌን አንባቢ ሁሉ ልብ ይበልልኝ። የድርቆሽ ክምር ላይ የወረቀት ሳህን ሰክታችሁ ተኮሳችሁ። እኔ የማየው ሳህኑን ሳይሆን ፊትህን ነበር። ቃታውን ከመሳብህ በፊት ዓይንህ ይጨፈናል፤ ትከሻህም ወደ ኋላ ይሸሻል። ጥይቱ ከሳህኑ በላይ ሄደ። ወርቁ «ንፋስ ነው!» አለ። ንፋስ አልነበረም፤ ዛፉ ላይ አንድ ቅጠል አልተነቃነቀም። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጥፊ የለመደ ልጅ እጅ ገና ሲነሣ ዓይኑን እንደሚጨፍን አውቃለሁ። አንተንም ጠመንጃህ ጥፊ አስለምዶህ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የአደን መጽሔት ማንበብ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ ለፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ አነበብኩ። መጽሔቱን የምታድለው ልጅ ነጠላዬንና የመጽሔቱን ሽፋን እያየች ፈገግ ትል ነበር። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ የወጥ አሠራር ከእሱ ይከብዳል። ጠመንጃ የሚራገጠው በጥይቱ ክብደት፣ በባሩዱ ብዛትና በራሱ በጠመንጃው ክብደት ልክ ነው። ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻው ላይ ነው። ቀላል ጠመንጃ ርግጫው ቀላል ይመስለዋል፤ ተቃራኒው ነው እውነቱ። ጠመንጃው ከበድ ሲል ምቱን ራሱ ይውጠዋል፤ ሲቀል ምቱን በሙሉ ለትከሻህ ያስተላልፈዋል። ባልና ሚስትም እንዲሁ ነው ብዬ በልቤ ያልኩት ያኔ ነው።

ቨርጂኒያ ያለው ሱቅ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሻጩ አንተን ትቶ እኔን አየና ሰደፉ እንደ ልጅ መጫወቻ ሮዝ የተቀባ ጠመንጃ አወጣ። «ሴቶች ይወዱታል» አለኝ። የምተኩሰው እኔ አይደለሁም፣ አሳማውም ቀለም አይቶ አይሞትም አልኩት። አንተ ሳቅህን ለመደበቅ ወደ ጥይቱ መደርደሪያ ዞርክ። ቀጥሎ ላባ የሚያህል ጠመንጃ አምጥቶ እጅህ ላይ አስቀመጠልህ። ፊትህ ሲበራ አይቼ ባማርኛ «መልስለት፤ እሱ ጥርስህን ያወልቀዋል» አልኩህ። ሻጩም ምን እንዳልኩህ ሳይነገረው ገብቶት መልሶ ሰቀለው።

የመረጥነው በመጨረሻ ሁለት አርባ ሦስት የሚሉትን ነው። አፈሙዙ ወፈር፣ መላው ጠመንጃ ከበድ ያለ፣ ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም ጎማ ያለው። ለኮዮቲ ቀለል ያለ ጥይት፣ ለአሳማ ደግሞ ከበድ ያለ፣ ሥጋ ላይ የማይበተን ጠንካራ ጥይት ከዚያው ከአንዱ አፈሙዝ ይተኮሳል። ሰደፉ ለክንድህ ልክ መሆኑን በራሴ ስንዝር ለካሁ። ከሱቁ ጀርባ ባለው መለማመጃ ስትተኩስ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ አየሁህ። ዓይንህ አልተጨፈነም። ትከሻህ ባለበት ቆመ። ዘወር ስትል ያየሁት ፊት ዳዊት የተወለደ ዕለት ያየሁት ፊት ነበር። ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመን እንኳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስታንጎራጉር ነበር። ከእኛ ዘመን ሁሉ ከደግ ቀኖች እንደ አንዱ አድርጌ ይዤው ኖርኩ። አሁን ያን ቀን ነው ያበላሸህብኝ።

ከዚያ በኋላ ታክሲው ሥራ በሚፈዝበት በማክሰኞ ጠዋት ብቻህን ወደ እርሻው መሄድ ጀመርክ። ስትመለስ በሩን ሳትዘጋ «አሰገደች! አንድ ጣልኩ! በአንድ ጥይት!» ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ከወንዶቹ ጋር ሄደህ ስትመለስ ግን ትከሻህ እንደገና ጠቁሮ አየዋለሁ። ስጠይቅህ «ዛሬ ለለውጥ ትልቁን ያዝኩ» ትለኛለህ። አመንኩህ። ለአርባ ዓመት አልጋ የተጋራሁት ሰው ስለ ጠመንጃ ይዋሸኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

አሁን ወደ መረረኝ ነገር ልምጣ።

ሴት ልጅ እንደማታርድ አንተም ታውቃለህ። ባገራችን ሴት ያረደችውን የሚበላ የለም፤ አንዲት ዶሮ እንኳ ብትሆን ወንድ እስኪገኝ ድረስ እግሯን ታስራ ትቆያለች፤ አሜሪካም መጥተን ይህን አልተውነውም። በእኛ ቤት የምታርደው አንተ ነበርክ። ዶሮዋን ከገበሬ ቤት በሕይወቷ ገዝተን፣ አንተ በስመ አብ ብለህ ባርከህ፣ እኔ ገንጥዬና በሎሚ አጥቤ እሠራለሁ። በየወሩ ለማኅበር ስንሰበሰብ ቀድሞ የሚያልቀው የእኔ ድስት ነበር። የባልትና መምህርት ነኝ፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ድስቴ ሙሉውን ተመለሰ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። ጨው በዝቶ ይሆን አልኩ። ቅቤው ሸትቶ ይሆን ብዬ በሌላ ቅቤ አነጠርኩ። ሽንኩርቱን ረዘም ላለ ጊዜ አቁላላሁ። በርበሬውን ከሌላ ሰው ገዛሁ። እጄ ከድቶኛል፣ እርጅና ምላሴን ወስዶታል ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ፤ አንተ ግን አላየህም፤ ወይም አይተሃል። ግራ ያጋባኝ አንድ ነገር ነበር፤ በጾም የሠራሁት ሽሮና ምስር ተጠርጎ ያልቃል፣ የፍስኩ ግን ማንኪያ ሳይነካው ይመለሳል። ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው እኔ ድስት ፊት ሲደርሱ «እትዬ፣ ጠግቤ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ያልፋሉ። ፊት ለፊት የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቆጣ የምል ሰው ስለሆንኩ ይፈሩኛል። ይህ ለዓመታት ቆየ። አንተ ደግሞ የተመለሰውን ድስት ሳምንቱን ሙሉ እየበላህ «ለእኛ ተረፈን! የእነሱ ምላስ ሞቷል» ትለኝ ነበር። እኔን ማጽናናትህ ይመስለኝ ነበር።

የሙት ዓመትህ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ወርቁ ስለ አንተ ሊናገር ተነሣ። ስለ ደግነትህ፣ ስለ ቀልድህ ተናገረና ሰውን ማሳቅ ፈለገ። «አስናቀ ጎበዝ ነበር! እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የቤቱ ተኳሽ እትዬ አሰገደች ናቸው። እኛ ቅዳሜ የሳትነውን አሳማ እሳቸው ማክሰኞ በዚያች በሴትዮዋ ጠመንጃ ይለቅሙታል!» አለ። ወንዶቹ በሙሉ እየሳቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ ሳህን ሳህናቸውን ተመለከቱ። እኔ ወርቁ በጠዋት ጠጥቷል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ግን የሴቶቹን ዓይን አየሁ። ያ ዓይን ድስቴ ፊት ሲያልፉ የማየው ዓይን ነበር።

ወርቁን ፓርኪንግ ድረስ ወስጄ ጠየቅሁት። «ምነው እትዬ፣ ምስጢር ነበር እንዴ? አስናቀ ራሱ ነው የነገረን» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ወንዶቹ ጎተራው ውስጥ ያለውን የብረት ቁም ሣጥንህን ሲከፍቱ ያቺን ጠመንጃ አገኟት። ወርቁ የሰደፏን ጎማ አይቶ «ይቺ ደግሞ የማን ናት? ጎማ ጫማ አድርጋለች!» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። አንተም ከእነሱ ጋር ሳቅህና «የአሰገደች ናት» አልክ። «ማክሰኞ የወደቀው አሳማስ?» ሲሉህ «እሷው ናት፤ ለእኔ አታስተርፍልኝም» አልክ። ከዚያ ጀምሮ ጠመንጃዋ «የሴትዮዋ ጠመንጃ» ተባለች። በእሷ ያገኘኸውም ሁሉ በእኔ ስም ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቁን ተሸክመህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል እየሳትክ ወንድ ሆንክ።

በማግስቱ የወርቁ ሚስት ብርነሽ ጋ ደወልኩ። ብርነሽ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለመናገር ስትጨነቅ ድምጿ ይሰማኝ ነበር። «እትዬ፣ እንዳላስቀይምዎ ብዬ ነው። አሳማ የሚገድሉ ሴት ናቸው ከተባለ፣ ዶሮውንም ራሳቸው ነው የሚያርዱት ተባለ። ቢላዋውስ ምኑን ከምኑ ይለያል አሉ። እኔማ አላመንኩም ነበር...» አለች። አላመንኩም ያለችው ብርነሽም ድስቴን አልነካችም። «አስናቀ ይህን ያውቅ ነበር ወይ?» አልኳት። «እትዬ፣ ይተዉት» አለች። ደግሜ ጠየቅኋት። «ወርቁ ነግሯቸዋል። ሴቶቹ የእትዬን ወጥ መብላት ትተዋል፣ ነገሩን ያስተካክሉ ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ተዉት፣ ይበርድላቸዋል አሉት» አለችኝ።

ታውቅ ነበር።

ዶሮዋን ያረድካት አንተ ነህ። የባረክሃት አንተ ነህ። አንድ ቃል፣ «እኔ ነኝ ያረድኩት፣ እኔ ነኝ የተኮስኩት» የምትል አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ድስቴ ሙሉ ሲመለስ አይተህ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ስነፋረቅ አይተህ፣ ሌላ ቅቤ ፍለጋ እስከ ውድብሪጅ ድረስ በራስህ መኪና ይዘኸኝ ሄደህ፣ ቃሏን ዋጥካት። የአንተ ትከሻ እንዳይሳቅበት የእኔ እጅ መጸየፊያ ሆነ። ከሞትክ ወዲህ ያለቀስኩትን እንባ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ከዚያ ስልክ በኋላ ግን ለሳምንት ያህል ስምህን መጥራት አልቻልኩም።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በዚያች ጠመንጃ ጎበዝ ነበርክ። እውነተኛ ጎበዝ። ከጓደኞችህ ማንም ያልሆነውን ተኳሽ ነበርክ፤ አንድም ሰው ግን አላወቀልህም። የራስህን ሙያ ለእኔ ሰጠኸኝ፤ እኔ ልለብሰው አልችልም፣ አንተም ራቁትህን ሄድክ።

ለዳዊት ነገርኩት። የልጅህን መልስ ስማ። «ማሚ፣ ኢትስ ፈኒ! ሽማግሌዎቹ በሙሉ እንደ ሻምፒዮን ያዩሻል፤ ዝም ብለሽ ኢንጆይ አድርጊው። ደግሞ ዳዲ ሞቷል፤ ማንን ነው የምትከሺው?» አለኝ። ልጅህ ደግ ነው፤ ድስት ይዞ ሄዶ ድስት ይዞ ተመልሶ ግን አያውቅም።

በመናገርና በመተው መካከል ወራት ቆየሁ። ብናገር በመቃብርህ ላይ ሰው እንዲስቅብህ ማድረግ ነው፤ ሰውም «የባሏ አፈር ሳይደርቅ» ይለኛል። ዝም ብል ደግሞ እኔም አንድ ቀን ስሞት በአሳማ ገዳይነቴ ልታወስ ነው። ዝም ለማለት ልቤ ማድላት ጀምሮ ነበር። እርግጡን ልንገርህ፣ አዘንኩልህ። ሰው ለአርባ ዓመት ሲወድ ቆይቶ በአንድ ስልክ መተው አይችልም።

ባለፈው ወር ወርቁ እዚህ አሌክሳንድሪያ ድረስ መጣ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ኮዮቲዎቹና ስለ አጥሩ ብዙ አወራ። ብርጭቆውን በግራ እጁ ሲያነሣ አየሁት። ቀኙን ጭኑ ላይ አሳርፎታል። «ትከሻህን ምን ሆንክ?» አልኩት። «እርጅና ነው እትዬ» አለ። እርጅና በአንድ በኩል ብቻ አይመጣም። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «ያቺን ጠመንጃ ቢያውሱኝ፤ ወይም ቢሸጡልኝ» አለ። ያ ወርቁ! የተልባ ፍሬ ያለው፣ ጎማ ጫማ ብሎ የሳቀው!

በእውነት ደስ አለኝ። በዚያው ሁሉ ነገር የሚስተካከል መሰለኝ። «ገንዘብህን አልፈልግም፤ ውሰዳት። ብቻ በማኅበሩ ፊት የማን እንደነበረች ተናገር። አስናቀ ነበር የሚተኩሳት፤ እኔም ትከሻዬን ስለሚያመኝ ወስጃታለሁ በል። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው» አልኩት።

ብርቱካኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ የመለሰልኝን መልስ በሕይወት ዘመኔ አልረሳውም። «እትዬ፣ እሱ እንኳ ይቅርብኝ። የእርስዎ ናት ብዬ ብይዛት አይሻልም? የእትዬ አሰገደችን ጠመንጃ ላጸዳላቸው ወስጄ ነው እላለሁ። ሰውም ለምዶታል።»

ሰውም ለምዶታል! አንተ ከሞትክ በኋላ ደግሞ ወርቁ በስሜ ሊተኩስ! ነገ የወርቁን አሳማ፣ ከነገ ወዲያ የሌላውን፤ ትከሻው ያመመው የአበሻ ወንድ ሁሉ ከእኔ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ሊተኩስ ነው! ብርቱካኑን ከነላስቲኩ መልሼ ሸኘሁት። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥኩት በሩን በዘጋሁበት ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን መጽሔት ሰጥቼዋለሁ። አዘጋጁ አንብቦ «እትዬ፣ የጋሼን ስም እናውጣውና አንድ ወዳጅ እንበለው?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ስም ሳይጠራ የሚነገር እውነት ከሐሜት አይለይም።

የማኅበሩ ሴቶች ሆይ፣ እናንተም ስሙ፤ እኔ አሰገደች በዕድሜዬ ጠመንጃ አልተኮስኩም፤ አንዲት ጫጩት እንኳ አላረድኩም። የተመለሰውን ድስት ሁሉ በስመ አብ ብሎ ያረደው አስናቀ ነው። እናንተንም ቅር ብያችኋለሁ፤ አንዳችሁ መጥታችሁ ልትጠይቁኝ ትችሉ ነበር። ወንዶችም ስሙ፤ ያች ጠመንጃ እርሻው ላይ ተቆልፎባታል፤ ከአስናቀ የቀረው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ትከሻው የሚያመው ሰው «የራሴ ትከሻ ነው የሚያመኝ» ብሎ በሰው ፊት ተናግሮ ይውሰዳት። በነጻ ናት። ለኮዮቲም ለአሳማም ትበቃለች፤ የትኛው ጥይት ለየትኛው እንደሆነ እኔው አስረዳዋለሁ።

አስናቀ፣ አንተን አልተውህም። በየወሩ ስምህን ለጸሎት አስጠራለሁ፤ የሚጠራው የክርስትና ስምህ ስለሆነ በእሱ ላይ ማንም የቀለደበት የለም። ሙት ዓመትህንም እግሬ እስከቻለ ድረስ አወጣለሁ። በሰው ፊት ስምህ ሲነሣም ዝም አልልም። «አስናቀ ጎበዝ ተኳሽ ነበር» ባሉ ቁጥር፣ በሙሉ ድምፄ «በየትኛው ጠመንጃ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን እስኪሰጡኝም ድረስ አልቀመጥም።

ባለቤትህ አሰገደች
አሌክሳንድሪያ